የግራናዳው መታጠቢያ ቤትና የኋላ በሩ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ ጥንታዊ የግንባታ ሥራ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ታላላቆቹ ግንቦችና ቤተ መንግሥቶች ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ በመጠኗ አነስ ያለች፣ ለሙያችን ግን ብዙ የምታስተምር አንዲት ሕንፃ መረጥሁ። ይህችም በደቡብ ስፔን በግራናዳ ከተማ የምትገኘው፣ የአገሩ ሰዎች «ኤል ባኙዌሎ» ማለት «ትንሿ መታጠቢያ» እያሉ የሚጠሯት፣ በመካከለኛው ዘመን በሙስሊሞች አገዛዝ ጊዜ የተሠራች የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ናት። እንዲህ ያለው ቤት በዐረብኛ «ሐማም» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐማም ሁለት በር ነበረው። በፊት በሩ ታጣቢው ይገባል፤ በኋላ በሩ ደግሞ ማገዶው፣ አመድ ጠራጊውና እሳት አንዳጁ ይገባሉ። ታጣቢውና እሳት አንዳጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢውሉም በግድግዳ ተለያይተው አይተያዩም ነበር። ዛሬ ወደ ግራናዳ የሚሄድ ጎብኚ የሚያየው በፊት በር በኩል ያለውን ነው። በኋላ በር በኩል ያለው፣ ይኸውም ቤቱን ቤት ያደረገው የእሳትና የውሃ ሥራ፣ አብዛኛው ጠፍቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ የኋላ በር እንዴት ይሠራ እንደ ነበር፣ እንዴትስ እንደ ተዘጋና ከመዘጋቱ እኛ የምንማረው ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

ከተማዋና ቦታው

ግራናዳ በሴራ ኔቫዳ በረዷማ ተራሮች ግርጌ በኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። በ711 ከሰሜን አፍሪካ የተሻገረው የሙስሊሞች ጦር አብዛኛውን የስፔን ምድር ከያዘ በኋላ፣ የአገዛዙ ማዕከል ለረጅም ጊዜ ኮርዶባ ነበረች። በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የኮርዶባ ኸሊፋዎች ኃይል ሲደክም አገሩ ለትንንሽ መንግሥታት ተከፋፈለ። ከእነዚህ አንዱን የመሠረቱት ዚሪ የሚባሉት የበርበር ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከ1013 እስከ 1090 ግራናዳን መዲናቸው አድርገው ገዙ። ከእነርሱ በኋላ ሌሎች ተተኩ፤ በመጨረሻም ከ1238 እስከ 1492 የናስር ሥርወ መንግሥት ነገሠባት። አልሃምብራ የሚባለውን ዝነኛ ቤተ መንግሥት የሠሩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ብዙዎች ጸሐፊዎች ኤል ባኙዌሎ በዚሪዎች ዘመን፣ በተለይም ከ1038 እስከ 1073 በነገሠው በባዲስ ጊዜ እንደ ተሠራች ይናገራሉ። አንዳንድ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች ግን የግንቡን አሠራር መርምረው ዘመኗን ወደ ኋለኛው ጊዜ ያቀርቡታል። በዐረብኛ ስሟ በዎልነት ዛፍ ተሰይማ «ሐማም አል-ጀውዛ» ትባል ነበር።

ቦታዋ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከአልሃምብራ ኮረብታ ማዶ፣ አልባይሲን ከሚባለው አሮጌ ሰፈር ግርጌ፣ በዳሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። መታጠቢያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ንጹሕ ውሃ የሚገባበት ቦይና ያደፈ ውሃ የሚወጣበት ቁልቁለት። ከኮረብታው በታች፣ ከወንዙ በላይ የቆመ ቤት ሁለቱንም ያለ ብዙ ድካም ያገኛል። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ታጣቢ ያስፈልገዋል፤ ሰፈሩ በሰው የተሞላ ነበርና ይህም አልጎደለም።

ከክፍል ወደ ክፍል

ቤቷ ከመንገድ ሲያዩዋት ከአካባቢው መኖሪያ ቤቶች ብዙም አትለይም። ጎብኚ ሆኜ በገባሁ ጊዜ መጀመሪያ ያገኘሁት አነስተኛ ግቢና የውሃ ገንዳ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ክፍሎቹ እየተከታተሉ ይመጣሉ። የእስልምናው ዓለም መታጠቢያዎች ሥርዓት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ስማቸውም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «በይት» የሚለው የዐረብኛ ቃል ከእኛው «ቤት» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነውና። መጀመሪያ ልብስ የሚወልቅበት በይት አል-መስላኽ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛው በይት አል-ባሪድ፣ ከዚያ መካከለኛው በይት አል-ወስጣኒ፣ በመጨረሻም ሙቁ በይት አስ-ሳኹን ይገኛሉ።

ከክፍሎቹ ሁሉ ሰፊው መካከለኛው ነው። ታጣቢው ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው፣ የሚታሸው፣ የሚላጨውና ከወዳጁ ጋር የሚጨዋወተው በዚህ ነበር። ክፍሉ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ በሦስት ወገን በዓምዶች ላይ ያረፉ ቅስቶች ይዞሩታል። ዓምዶቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ አናታቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ከእነዚህ የዓምድ አናቶች አንዳንዶቹ ከሮማውያን ዘመን፣ አንዳንዶቹ ከቪዚጎቶች፣ ሌሎቹም ከኮርዶባ ኸሊፋዎች ሕንፃዎች የተወሰዱ ናቸው። ግንበኞቹ በእጃቸው ያገኙትን ጥሩ ድንጋይ ሳይንቁ ተጠቅመውበታል። ቁመታቸው የተለያየውን ዓምዶች ወደ አንድ ደረጃ አምጥቶ እኩል ቅስት ማሳረፍ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ የግንባታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በግድግዳው ላይ አንድም መስኮት የለም። ብርሃን የሚገባው ከላይ፣ በቅስት ጣሪያው ላይ በተበሱ ስምንት ማዕዘንና የኮከብ ቅርጽ ባላቸው ቀዳዳዎች ነው። በፀሐያማ ቀን የብርሃኑ ዘንግ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፀሐይ ስትዞርም ኮከቦቹ በወለሉና በግድግዳው ላይ ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። ጎብኚው ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ይህንን ነው። ውበቱ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ቀዳዳዎች በመጀመሪያ የተበሱት ለሥራ ነበር። በሐማሞች እነዚህ ቀዳዳዎች በመስታወት ይከደኑ ነበር፤ ሠራተኛውም እንፋሎቱ ሲበዛ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ይከፍታቸው፣ ሲያንስ ይዘጋቸው ነበር። ዛሬ በኮከብነቱ የምናደንቀው ነገር በዘመኑ ቋንቋ የእንፋሎት መቆጣጠሪያ ነበር ማለት ነው።

አንድ እሳት፣ ሦስት ሙቀት

የዚህ ዓይነቱ ቤት ዘዴ ከሮማውያን የወረደ ነው። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ ጥበብ በጻፈው ሥራ በአምስተኛው መጽሐፍ የመታጠቢያን ወለል አሠራር ይዘረዝራል። በእርሱ አገላለጽ ወለሉ ሁለት የሮማ ጫማ፣ ማለት ወደ 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ቁመት በተደረደሩ የጡብ ቋሚዎች ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ያለው መሠረት ግን ወደ ምድጃው ያዘነበለ መሆን አለበት። ማዘንበሉን መመርመሪያውም ቀላል ነው፤ ኳስ ወደ ውስጥ ቢጣል እዚያ ሳይቆም ተንከባልሎ ወደ ምድጃው አፍ መመለስ ይኖርበታል። እሳቱ ከምድጃው ተነሥቶ ወደ ላይ ስለሚሳብ፣ መሠረቱ እንዲህ ሲያዘነብል ነበልባሉ ከወለሉ በታች በቀላሉ ይዳረሳል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ የሥራ መመርመሪያ ዛሬ ለአንድ የግንባታ ተቆጣጣሪ ቢሰጥ ምንም ማብራሪያ አያሻውም።

ሙስሊሞች ሶርያንና የሌላውን የቀድሞ ሮማውያን ምድር በያዙ ጊዜ ይህን ዘዴ ከነሠራተኞቹ ተረከቡት። በዛሬይቱ ዮርዳኖስ በረሃ የሚገኘውና በ8ኛው ምዕተ ዓመት ከኡመያ ልዑላን አንዱ ያሠራው ቁሰይር ዐምራ፣ ከነሥዕሎቹና ከነመታጠቢያ ክፍሎቹ እስከ ዛሬ ቆሟል። ነገር ግን የተረከቡትን እንዳለ አላስቀመጡትም። ሮማውያን በትልቅ ገንዳ ውስጥ አብረው ይጠልቁ ነበር፤ የእስልምና ሥርዓት ግን የሚፈስ ውሃን ያስቀድማልና ታጣቢው ውሃውን እየቀዳ በገላው ላይ ያፈስሰው ጀመር። ከዚህም የተነሣ ታላላቁ ገንዳ ቀረ፤ የሚሞቀው የውሃ መጠን አነሰ፤ ቤቱም እንዲሁ አነሰ። ቤቱ ካነሰ ደግሞ ማገዶው ይቀንሳል፤ ማገዶው ከቀነሰ መታጠቢያ ለንጉሠ ነገሥት ከተማ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለየሰፈሩ ሊዳረስ ቻለ። ሃይማኖታዊ ልማድ በአንድ መሣሪያ መጠን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። ከሙቁ ክፍል ኋላ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ምድጃው ይገኛል። በምድጃው ላይ ትልቅ የመዳብ ጋን ተቀምጦ ውሃ ይፈላበታል። የእሳቱ ጋዝ ጋኑን ካሞቀ በኋላ በሙቁ ክፍል ወለል ሥር ባሉት የጡብ ቋሚዎች መካከል ያልፋል፤ ከዚያም በግድግዳው ውስጥ በተሠሩ የጭስ መውጫዎች ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ እሳት ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ውሃ ያፈላል፣ ወለል ያሞቃል፣ ግድግዳም ያሞቃል። በእስፓኛ ምድር በነበሩት መታጠቢያዎች ከወለል በታች የሚሞቀው በአብዛኛው ሙቁ ክፍል ብቻ ነው። መካከለኛው ክፍል የሚሞቀው ከሙቁ ክፍል በሚያልፍለት ሙቀትና እንፋሎት ሲሆን፣ ቀዝቃዛው ደግሞ የመካከለኛውን ትርፍ ያገኛል። በዚህ ዓይነት አንድ እሳት ያለ አንዳች ተጨማሪ መሣሪያ ሦስት የሙቀት ደረጃ ይሰጣል፤ ሰውም ገላው ሳይደነግጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙቀቱ ይገባል፣ ቀስ በቀስም ይወጣል።

የቀረው ሁሉ ይህንን ሙቀት ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ግድግዳው ከኖራና ከጠጠር ተመትቶ የተሠራ ወፍራም ግንብ ነው፤ አንዴ ከሞቀ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በሮቹ ጠባቦች ናቸው። ጣሪያው በጡብ የተሠራ ቅስት መሆኑም ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይ የወጣው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን በታጣቢው ራስ ላይ ከመንጠብጠብ ይልቅ ቅስቱን ተከትሎ ወደ ግድግዳው ይወርዳል።

እንፋሎትን በታፈነ ቤት ለጤና መጠቀም በአገራችንም የታወቀ ነገር ነው፤ «ወሸባ» የሚለው ቃላችን ይህንኑ ያመለክታል። በጎንደር የነገሥታት ግቢ ከበካፋ ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚታየው የወሸባ ቤት እሳት የሚነድበት ስፍራና በጣሪያው የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳዎች አሉት። መጠኑ አነስተኛ፣ ዓላማውም ሕክምና ቢሆንም፣ በመሠረቱ የግራናዳውን ዘዴ የሚያውቅ ሰው ሲያየው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል።

የከተማ ሕግና የመታጠቢያ ቤት

ሐማም የከተማው ሁሉ ነበር። ሃብታሙና ድሃው፣ ነጋዴውና ሸክላ ሠሪው በተራ ይገቡበታል፤ ወንዶችና ሴቶችም በተለያየ ሰዓት ወይም ቀን ይጠቀሙበታል። ለብዙ ሴቶች ከቤታቸው ውጭ ዘመድ ወዳጅ የሚያገኙበት፣ ስለ ጋብቻ የሚመካከሩበት ስፍራም ይኸው ነበር። ሥራው ለሕዝብ ስለ ነበር ቁጥጥርም ነበረው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በሴቪያ የኖረው ኢብን ዐብዱን ስለ ገበያና ስለ ከተማ ቁጥጥር በጻፈው መጽሐፍ፣ የመታጠቢያ ቤት የውሃ ማጠራቀሚያዎች እንዳይቆሽሹ መከደን እንዳለባቸው፣ አሺውና ላጪውም ሳያሸርጡ በውስጡ መመላለስ እንደማይገባቸው ደንግጓል።

ነገሩ የሙስሊሞች ብቻም አልነበረም። ክርስቲያን ነገሥታት ከተሞቹን አንድ በአንድ እየያዙ ሲሄዱ መታጠቢያዎቹን አልዘጉም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ የወጣው የኩዌንካ ከተማ ሕግ የመታጠቢያ ቀኖችን ሲያከፋፍል፣ ማክሰኞን፣ ሐሙስንና ቅዳሜን ለወንዶች፣ ሰኞንና ረቡዕን ለሴቶች፣ ዓርብንና እሑድን ለአይሁድ ሰጥቷል። መታጠብ የአንድ ሃይማኖት ምልክት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር ማለት ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የመጣው ነገር የግድ ይሆን ዘንድ የተጻፈ እንዳልነበር ያሳያልና።

ክልከላው

ግራናዳ በጥር 2 ቀን 1492 እጅዋን ሰጠች። በውሉ መሠረት ሕዝቡ ሃይማኖቱንና ልማዱን እንደ ያዘ እንዲኖር ቃል ተገብቶለት ነበር። ቃሉ ግን አሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። ከ1499 ጀምሮ በሊቀ ጳጳሱ በሲስኔሮስ ግፊት ሕዝቡ በግድ መጠመቅ ጀመረ፤ እምቢ ያለውም አገር ለቆ እንዲሄድ ታዘዘ። ከሙስሊምነት ወደ ክርስትና የገቡት እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው «ሞሪስኮ» ተባሉ። በ1526 ልብሳቸውን፣ ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን የሚከለክል ደንብ ወጣ፤ ሞሪስኮዎቹ ግን ገንዘብ ከፍለው ተፈጻሚነቱን ለአርባ ዓመት አዘገዩት።

በንጉሡ በዳግማዊ ፊሊጶስ ዘመን ደንቡ እንደገና ተነሣ። በ1566 ተወስኖ በጥር 1 ቀን 1567 በግራናዳ የታወጀው ሕግ፣ ሞሪስኮዎች በሦስት ዓመት ውስጥ የካስቲያ ቋንቋ ተምረው ዐረብኛን እንዲተዉ፣ ልብሳቸውን እንዲለውጡ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን እንዳይሸፍኑ፣ በበዓላትና በዓርብ ቀን የቤታቸውን በር ክፍት እንዲያደርጉ አዘዘ። መታጠቢያዎችንም በሚመለከት ማንም እንዳይጠቀምባቸውና እንዲፈርሱ ወሰነ። የማፍረሱም ሥራ ብዙ ሳይዘገይ ተጀመረ።

በዚህ ጊዜ ፍራንሲስኮ ኑኜስ ሙሌይ የተባለ፣ በዕድሜ የገፋ፣ በልጅነቱም የግራናዳን የመጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ ያገለገለ የሞሪስኮ መኰንን፣ ለንጉሣዊው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለፔድሮ ዴ ዴሳ ረጅም አቤቱታ አቀረበ። ስለ መታጠቢያ ያቀረበው ክርክር ለአንድ የሥራ ሰው የሚገባ ዓይነት ነው። መታጠቢያ ቤት የተሠራው ለገላ ንጽሕና ነው፤ የሃይማኖት ሥርዓት ግን ንጹሕና ገለል ያለ ስፍራ ይፈልጋል፤ ሰው ሁሉ የሚገባበት፣ እድፍ የሚታጠብበት አደባባይ ለምሥጢራዊ ጸሎት አይመችም የሚል ነበር። ቤቱ ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ፣ ከዚያ ፍረዱ ማለቱ ነው። ዴሳ ግን አልሰማውም። ፈራጆቹ ስለ ቤቱ ሥራ የቀረበውን ማስረጃ ከመመርመር ይልቅ ተጠቃሚውን መጠርጠር ቀለላቸው።

ውጤቱ ይታወቃል። በ1568 የገና ዋዜማ በአልፑሃራስ ተራሮች ዐመፅ ተነሣ፤ እስከ 1571 ብዙ ደም ፈሰሰ፤ የግራናዳ ሞሪስኮዎችም ከአገራቸው ተነቅለው በካስቲያ ተበተኑ። በመጨረሻም ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ 300,000 ያህል ሞሪስኮዎች ከስፔን ጨርሰው እንዲወጡ ተደረገ። ከእነርሱም ጋር የእሳት አንዳጁ፣ የቦይ ጠባቂውና የመዳብ ጋን ሠሪው ዕውቀት ወጣ። ዐዋጁ ያፈረሰው ግንብ ብቻ አልነበረም፤ ግንቡን የሚያንቀሳቅሰውን የሥራ ሰንሰለት ነው።

ከፈረሱት መካከል የተረፉት

ታዲያ ጥቂቶቹ እንዴት ተረፉ? ይህን ስንመረምር የምናገኘው መልስ ለታሪክ ወዳድ ሰው ብዙም የሚያኮራ አይደለም። አንዳቸውም ለታሪክነታቸው ሲባል አልተጠበቁም።

በአልሃምብራ ውስጥ ያለው በ14ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው የኮማሬስ መታጠቢያ የተረፈው፣ ነገሥታቱ ቤተ መንግሥቱን ለራሳቸው ስለያዙት ነው። የሕዝቡ መታጠቢያ እንዲፈርስ ሲታዘዝ የቤተ መንግሥቱ ቆመ። በሃኤን ከተማ የሚገኘውና በ11ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው፣ 450 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መታጠቢያ፣ ከተማዋ በክርስቲያኖች እጅ ከገባች በኋላ ቆዳ ማልፊያ ሆነ፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የአንድ መስፍን ቤተ መንግሥት በላዩ ተሠርቶበት ክፍሎቹ በአፈር ተሞሉ። በ1913 ተገኝቶ፣ ከብዙ ሥራ በኋላ እድሳቱ በ1984 ተፈጸመ። የሮንዳው መታጠቢያ በወንዝ ዳር ስለ ነበር ጎርፍ በደለል ቀበረው፤ የቀበረው ደለልም ከአፍራሽ እጅ ጠበቀው። በዚህ ምክንያት በሮንዳ ምድጃው፣ ውሃ የሚሳብበት ማማና ውሃውን የሚያደርሰው ቅስታማ ቦይ ጭምር ይታያሉ።

ኤል ባኙዌሎ ግን የተረፈችው ተራ ቤት ስለ ሆነች ነው። በላይዋ መኖሪያ ቤት ተሠራባት፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም የልብስ ማጠቢያ ሆና ታገለግል ነበር። የልብስ አጣቢ ሴቶች ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሰው ይታጠብባት በነበረች ቤት የሰፈሩን ልብስ ሲያጥቡ ኖሩ። ውሃው ገባ፣ ያደፈው ወጣ፤ ቦዩ ስለሚፈለግ ተጠረገ፤ ጣሪያው ስለሚፈለግ ተጠገነ። ሊቃውንቱ ከመድረሳቸው በፊት ቤቷን ያቆዩዋት ስማቸው ያልተጻፈ አጣቢዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1918 ብሔራዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች፤ በ1920ዎቹም መጨረሻ ገደማ ከ1923 እስከ 1936 የአልሃምብራ ጠባቂ አርክቴክት የነበረው ሊዮፖልዶ ቶሬስ ባልባስ አደሳት። ይህ ሰው ከታወቀባቸው መርሆች አንዱ፣ አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ተለይቶ እንዲታወቅና ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ ተመስሎ እንዳይጨመር ማድረግ ነው። ዛሬ በኤል ባኙዌሎ የምናየው ጭምትነት ከዚህ የመጣ ነው።

የጠፋው ወገንና የቀረው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎብኚው ከሙቁ ክፍል ማዶ ያለውን ሲፈልግ የሚያገኘው ፍርስራሽ ነው። ቅስቶቹ፣ ዓምዶቹና ኮከቦቹ ቆመዋል፤ ጋኑ የለም፤ የምድጃው ክፍል እንደ ነበረ አይደለም። የእሳቱ ወገን ይበልጥ መጎዳቱ የሚጠበቅ ነበር። መዳብ ዋጋ አለው፤ ይነቀላል፤ ይቀልጣል። እሳት የሚበላው ጡብ ደግሞ በየጊዜው ካልተለወጠ ይፈርሳል። ከሁሉ በላይ ግን ምድጃውን የሚያውቀው ሰው ሄዷል።

ያ ዕውቀት ጨርሶ እንዳልጠፋ ለመረዳት ባሕሩን መሻገር ያስፈልጋል። ከግራናዳ ከተሰደዱት ብዙዎቹ የገቡት ወደ ሞሮኮ ነው፤ በፌዝና በማራከሽ አሮጌ ሰፈሮች ደግሞ ሐማሞች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። እዚያ የኋላው በር አሁንም ክፍት ነው። በማራከሽ ታንጂያ የሚባለው የሥጋ ወጥ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ ለሐማሙ እሳት አንዳጅ ይሰጥና በምድጃው አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ግድግዳው የሚለሰነው ታደላክት በሚባል የኖራ ልስን ሲሆን፣ ልስኑ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ በወይራ ዘይት ሳሙና ይወለወላል። ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ውሃ የማያሳልፍ ገጽ ይፈጥራል። በካይሮ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቶች አመድ ከኖራ ጋር ተደባልቆ እርጥበትን የሚቋቋም የግንብ ማያያዣ ይሠራበት ነበር። ከአንዱ ምድጃ ሙቅ ውሃ፣ ሙቅ ወለል፣ የጎረቤት ወጥና የግንበኛ ማያያዣ ይወጣ ነበር ማለት ነው። የሚጣል ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በእኔ አስተያየት ሁለት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛው፣ ለሕዝብ የተሠራ ሥራ ዕድሜ የሚለካው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ አለመሆኑን ነው። ኤል ባኙዌሎ ጠንካራ ነበረች፤ የፈረሱት እኅቶቿም በተመሳሳይ እጅ፣ በተመሳሳይ ኖራ የተሠሩ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ከአገልግሎት ነው። የሚጠቀምባት ሰው ያላት ቤት ተጠገነች፤ ተጠቃሚዎቿ የተባረሩባት ፈረሰች። ስለዚህ አንድ ሥራ ስንነድፍ የሚሸከመውን ክብደት እንደምናሰላ ሁሉ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ተጠቃሚው ሥራውን የራሱ አድርጎ የሚይዝበት መንገድ ምን እንደ ሆነም ማስላት ይገባናል።

ሁለተኛው፣ የኋላውን በር መመዝገብ እንደሚያስፈልግ ነው። የጥንት ሕንፃ ስንለካና ስንስል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ቅስቱና ወደ ዓምዱ ነው። አዲስ ሥራ ስናስረክብም ብዙ ጊዜ የምናስረክበው ሥዕሉን ነው። ነገር ግን ቧንቧው በስንት ጊዜ እንደሚጠረግ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ምን እንደሚደረግ፣ መዝጊያው ወደ የት እንደሚዞር የሚያውቀው በየቀኑ አብሮት የሚውለው ሠራተኛ ነው። እርሱ ሲሄድ ያልተጻፈው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል። ግራናዳ ሕንፃዋ ቀርቶላት አሠራሩን ግን ባሕር ተሻግራ ከሞሮኮ እሳት አንዳጆች እንድትጠይቅ ያደረጋት ይኸው ነው።

በየአገሩ የአሮጌ ውሃ ማሳቢያ፣ የወፍጮ፣ የእቶንና የቦይ ሠራተኞች ዛሬም አሉ። ብዙዎቹ አርጅተዋል። የማኅበራችን አባላት በየሄድንበት የሥራ ቦታ የሕንፃውን ልክ ከመውሰዳችን በፊት እነዚህን ሰዎች ብንጠይቅና የነገሩንን ብንጽፍ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት የሚያመሰግኑን ሥራ ይሆናል። ግንቡ ሊቆየን ይችላል፤ ሰዎቹ ግን አይቆዩንም።